ሌሊት የሚነሣው ባልና የማይተኛው ሰርቨር

ለዚህ ዓምድ ከሚላኩልን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ ጉዳይና ስለ ባልና ሚስት አለመስማማት የተጻፉ ናቸው። ባለፈው ሰሞን የደረሰን ደብዳቤ ግን በአንድ ወገን ሲያዩት የቤት ጉዳይ፥ በሌላ ወገን ሲያዩት የኮምፒዩተር ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፥ ለየትኛው ገጽ እንደሚገባ ለመወሰን ጥቂት ተቸግረን ነበር። በመጨረሻም ችግሩ የተወለደው በኮምፒዩተር ክፍል ቢሆንም የሚያስለቅሰው በመኝታ ቤት ነውና ለዚህ ገጽ ይገባል ብለን ወስነናል።

ጸሓፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው በአንድ ትልቅ ሐኪም ቤት የሰርቨር ኀላፊ ሆነው ይሠራሉ። ስማቸውንና አድራሻቸውን ትተን የደብዳቤውን ፍሬ ነገር ብቻ እናቀርባለን።

«ባለቤቴ ይኸው ሰባት ወር ሙሉ በየሌሊቱ በ8 ሰዓት ይነሣል። ላፕቶፑን ከፍቶ የሐኪም ቤቱን መዝገብ ባክአፕ ማድረግ ይጀምራል፤ እስኪያልቅም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ሲከብደው ያቆመዋል፤ ሲቀለው ያስቀጥለዋል። ጧት ከልጆቹ ጋራ ለቁርስ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ለምን በራሱ እንዲሠራ አታደርገውም ብዬ ብጠይቀው፥ አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጌ በሽተኞች ካርድ ሳያገኙ ግማሽ ቀን ተሰልፈው ዋሉ፤ ከዚያ ወዲህ አላምነውም አለኝ። አሁን ደግሞ አለቃው ይህ ነገር ቢቀርብንስ ማለት ጀምሯል። ባለቤቴ እንዲተኛ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን መዝገቡ ጠፍቶ ሰው እንዲጎዳ አልፈልግም። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ክብርት ወይዘሮ፤ አስቀድመን ስለ ባለቤትዎ አንድ ቃል እንበል። ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር አግብቶ ካበቃ በኋላ፥ ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ ቢጠየቅ የሚመልስ ሰው የማይገኝበት መሥሪያ ቤት አለ። ባለቤትዎ ግን ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ እንቅልፋቸውንም ስማቸውን ለማያውቋቸው በሽተኞች ሰጥተዋል። ስለዚህ ቢቈጡም በልክ ይቈጡ። ሆኖም መንገዳቸው ትክክል ነው አንልም። ሰው ነቅቶ ካልጠበቀው የማይሠራ ባክአፕ፥ ሰውየው የታመመ ወይም ለቅሶ የሄደ ዕለት ይቀራል። አደጋ ደግሞ ያን ዕለት መርጦ አይመጣም ብሎ የሚዋስ የለም።

ይህን የምንለው ከሩቅ ቆመን አይደለም። ወደ ጋዜጣ ሥራ ከመግባታችን በፊት፥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ፥ የቁጠባ ደንበኞችን ሒሳብ በሚይዝ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨሩ ነገር በእኛ እጅ ነበር። መዝገቡን በየሌሊቱ የሚገለብጥ ትእዛዝ አዘጋጅተን፥ ሰው በሌለበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ አሰብንና በሰዓት መመደቢያው ላይ 8 ብለን ጻፍን። ያን ዕለትም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በየመስኮቱ ያሉት ጸሓፊዎች «ሲስተም የለም» ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ፤ በአራተኛውም እንዲሁ። ሁልጊዜ በ5 ሰዓት ይጀምራል፥ ከቀትር በኋላ ይለቃል። እኛም መስመሩን መረመርን፥ ኬብል ለወጥን፥ የመብራቱን መዋዠቅ ወቀስን። የራሳችንን ቁጥር ግን አልመረመርንም። ኮምፒዩተር ሰዓትን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለ ሆነ የእርሱ 8 ለእኛ የጧቱ 2 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ሰርቨሩ የተስተካከለው ዩቲሲ በሚሉት የዓለም ሰዓት ነበር። ይህም ሰዓት ከአዲስ አበባ፥ ከአሥመራ፥ ከጅቡቲ፥ ከሞቃዲሾና ከናይሮቢ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ለሌሊቱ 8 ያልነው ሥራ ከጧቱ 5 ሰዓት፥ አዳራሹ በሰው በተሞላበት ሰዓት ይነሣ ኖሯል። ልንጽፍ የሚገባን ቁጥር 23 ነበር፤ ያውም የዋዜማው ቀን 23።

(ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስዋሒሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቈጥሩ፥ ከወሰናችን ወዲያ ያሉ ባልንጀሮቻችንም ይህን ወጥመድ ሳያውቁት አይቀሩም።)

በዘጠነኛው ቀን አንድ ባልደረባችን፥ ሰርቨሩ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ ቢመለከት ባክአፑ ሲገለበጥ አገኘው። አለቃችን ጠርተውን «ለጊዜው አቁሙት» አሉ። እኛም ከማፈራችን የተነሣ ለምን በዚያ ሰዓት እንደ ተነሣ ሳንመረምር አቆምነው። ሰልፉ ቀለለ፤ ሁሉም ተደሰተ። ያ «ለጊዜው» ግን 23 ቀን ቆየ። በ23ኛው ቀን ዲስኩ ተበላሸ።

የእነዚያን ቀኖች ገቢና ወጪ የመለስነው ከደንበኞቹ ደብተር ነው። በማስታወቂያ ጠርተናቸው ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ ከእያንዳንዱ እየገለበጥን ሁለት ወር ሠራን። አንዲት እናት ግን ደብተራቸውን ክረምት በቤታቸው በገባ ጎርፍ አጥተውት ነበር። አንድ ጊዜ ገንዘብ ማስገባታቸውን በቃል ነገሩን፤ መጠኑንና ቀኑንም ተናገሩ። የምንመሰክርላቸው ወረቀት አልነበረንም። ጉዳያቸው ወደ ላይ ቀርቦ በመጨረሻ ተከፈላቸው፤ ነገር ግን እስኪወሰን ድረስ በየሳምንቱ እየመጡ በአግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ፊታቸውን ማየት ከብዶን በጓሮ በር እንወጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶናል፤ ለባለቤትዎም ሆነ ለአለቃቸው የምንለው ይህንኑ ነው። ሰውን የሚያስቸግር ባክአፕ አይዘልቅም። አንድ ቀን አንድ አለቃ «ለጊዜው አቁሙት» ይላል፤ የቆመውንም የሚያስታውሰው የለም። እንግዲህ ባክአፑን ሰርቨሩን በማያስጨንቅ ሰዓትና ልክ ማድረግ ለሠራተኞች ምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ባክአፑ ራሱ በሕይወት የሚኖርበት መንገድ ነው።

አሁን ሥራው ለምን እንደሚከብድ እንመልከት። የዱሮውን መዝገብ ቤት እናስብ። አንድ ሠራተኛ አለ። ባለጉዳይ ሲመጣ በመሰላል ወጥቶ ፋይሉን ያወርዳል፤ ዘወትር የሚፈለጉትን ፋይሎች ግን ከመመላለስ ብሎ በጠረጴዛው ላይ ይተዋቸዋል። አንድ ሰው መጥቶ «በመደርደሪያው ያለውን ፋይል ሁሉ ተራ በተራ አውርድልኝ፤ እገለብጣለሁ» ቢለው ምን ይሆናል? ከአንደኛው ጫፍ ለገልባጩ ሲያወርድ ባለጉዳይ ይጠራዋል፤ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል፤ ደግሞ ይመለሳል። ጊዜው ፋይል በማውረድ ሳይሆን በመመላለስ ያልቃል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የሚያነበው ክንድ የሚያገኘው መከራ ይኸው ነው። ጠረጴዛውም እንዲሁ ይጎዳል፤ ለገልባጩ የወረዱት ፋይሎች ሁሉ በዚያው ስለሚያልፉ፥ ዘወትር የሚፈለጉት ተገፍተው ወደ መደርደሪያ ይመለሳሉ። ጠረጴዛ ያልነው የሰርቨሩን ሚሞሪ ነው። ባክአፑ ሌሊት አልቆ ሳለ ጧት ላይ ሰርቨሩ ለጥቂት ጊዜ ሲጎተት የሚታየውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ ቅጂውን አጥብቆ መጠቅለል፥ ዚፕ ማድረግ የሚባለው፥ ሲጨመር ፕሮሰሰሩም ፋታ ያጣል።

የገልባጩን ሰዓት መምረጥ እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ግን መነሻውን ብቻ ይመርጥና መድረሻውን አያሰላም። የሐኪም ቤቱ መዝገብ 400 ጊጋባይት ነው እንበል። ወደ ሌላው ሕንፃ የሚወስደው መስመር 100 ሜጋቢት ቢሆን፥ ቢበዛ በሰኮንድ የሚያሳልፈው 12.5 ሜጋባይት ነው፤ መስመር የሚለካው በቢት፥ ፋይል የሚለካው በባይት፥ አንዱም ባይት 8 ቢት ነውና። (በዚህ በስም መመሳሰል የተነሣ ስንት ሰው ሒሳቡን በስምንት እጥፍ እንደ ተሳሳተ እኛ ምስክር ነን።) 400 ሺህ ሜጋባይትን በ12.5 ብናካፍል 32 ሺህ ሰኮንድ፥ ማለት ወደ 9 ሰዓት ያህል ጊዜ ይሆናል። ባለቤትዎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጀምሩት ሙሉ ቅጂ ከሆነ፥ ሁሉ ነገር ቢቃና እንኳ የሚያልቀው ከጧቱ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ሞልቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢጀመር ግን ሊነጋ ሲል ያልቃል። የሌሊቱን 8 ሰዓት የመረጡት ሰው የሚያንስበት ሰዓት ነው ብለው እንደ ሆነ እናምናለን፤ ነገር ግን ምርጫው ከሌሊቱ መካከል ሳይሆን ከሥራው ርዝመት መነሣት ነበረበት።

በየሌሊቱ ሙሉውን መገልበጥስ ምን ያስፈልጋል? ከ400 ጊጋባይት ውስጥ በአንድ ቀን የሚለወጠው ጥቂት ነው። 6 ጊጋባይት ብንል፥ መስመሩን ለሌላው ሥራ ግማሹን ትተን በሰኮንድ 6 ሜጋባይት ብቻ ብንልክ፥ በ17 ደቂቃ ያልቃል። አርሲንክ የሚባለውን መሣሪያ አንድሩ ትሪጀልና ፖል መከራስ የተባሉ አውስትራሊያውያን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው። የፋይሉን መጠንና የተለወጠበትን ጊዜ አይቶ ያልተለወጠውን ያልፋል፤ ከተለወጠውም ፋይል የተለየውን ክፍል ብቻ ይልካል። በሰኮንድ ከዚህ በላይ አትላክ ብሎ ልክ የሚያበጁለት መንገድም አለው። ይህን ስንል አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን፤ «ፋይሉን ሁሉ አንብበህ አመሳክር» የሚለውን ምርጫ በየሌሊቱ ካበሩበት፥ የሚልከው ጥቂት ቢሆንም የሚያነበው ሁሉንም ስለ ሆነ ዲስኩ አያርፍም።

ሙሉው ቅጂ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ቅዳሜ ማታ በ1 ሰዓት በዝግታ ቢጀመር፥ መስመሩን በግማሽ እየተጠቀመ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይጨርሳል። በዚያ ቀን የተመላላሽ ሕክምናው ሰልፍ አይኖርም። ሆኖም ሐኪም ቤት እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት በሩን ዘግቶ አይተኛም። ወላድ በ9 ሰዓት ሌሊት ትመጣለች፤ የመኪና አደጋ የደረሰበት እሑድ ይመጣል። ስለዚህ ሰዓት መምረጡ ብቻውን አይበቃም፤ ገልባጩን ጨዋነት ማስተማር ይገባል።

ለዚህ በዩኒክስና በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ናይስ የሚባል ትእዛዝ አለ። ትርጓሜው ደግ፥ ሰው አክባሪ እንደ ማለት ነው። ደረጃው ከ20 በታች ዜሮ፥ ማለት ከኔጋቲቭ 20 እስከ 19 ይሄዳል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሥራው ፕሮሰሰሩን ለሌሎች ይለቃል። ባክአፕ በ19 ቢሠራ ደንበኛ ቦታው ነው። ነገር ግን ናይስ የሚመለከተው ፕሮሰሰሩን እንጂ ዲስኩን አይደለም፤ ለዲስኩ አዮናይስ የሚባለው ወንድሙ አለ። አዮናይስ «ሌላ ማንም ዲስኩን ካልጠየቀ ብቻ ውሰድ» የሚል ደረጃ አለው፤ ይህ ለቢሮ መልካም ነው። ዘወትር ጠያቂ በማይጠፋበት ሐኪም ቤት ግን ገልባጩ ተራ አጥቶ ሊነጋበት ስለሚችል፥ ከተራዎቹ ጠያቂዎች መጨረሻ የሚያሰልፈውን ደረጃ፥ 2ኛውን ክፍል ቁጥር 7ን እንመርጣለን። ደግሞም አዮናይስ የሚታዘዝለት የዲስኩ ተራ አስከባሪ ደረጃዎችን የሚያውቅ ሲሆን ነው፤ በአዳዲሶቹ ፈጣን ዲስኮች ላይ ብዙ ጊዜ ተራ አስከባሪ ስለማይኖር ትእዛዙ ሳይፈጸም ያልፋል። አድርጌአለሁ ብሎ ከመተኛት በፊት፥ ባክአፑ እየሄደ ሳለ አንዲት ነርስ የበሽተኛ ካርድ እንድትከፍት አድርጎ በሰኮንድ መለካት ይበልጣል።

ስለ ዳታቤዝ አጥብቀን እንናገራለን። እየተጻፈበት ያለን ዳታቤዝ ፋይል በፋይል መገልበጥ፥ እየተናገረ ያለን ሰው ንግግር መጀመሪያውን ከዛሬ፥ መጨረሻውን ከነገ ወስዶ እንደ መጻፍ ነው፤ ሲመልሱት አይገጥምም። ዳታቤዞች በአንዲት ቅጽበት የነበረውን ሁሉ ሳይቆልፉ የሚያወጡበት የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ በማይኤስኪውኤል ሲንግል ትራንዛክሽን የሚባለው ምርጫ ለዚህ ነው፤ ሠንጠረዦቹ ኢኖዲቢ በሚባለው ዓይነት የተሠሩ ከሆኑ ጸሓፊዎችን ሳያስቆም ይገለብጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዋናውን እየተከተለ የሚጻፍ ሁለተኛ ሰርቨር ካለ፥ ከእርሱ መገልበጥ ነው። ያን ጊዜ የካርድ ክፍሉ የገልባጩን መኖር እንኳ አያውቅም። ቅጂውን መጠቅለልም ካስፈለገ በተቀባዩ ሰርቨር ላይ ይጠቅለል፤ እርሱን ማንም አይጠብቀውም።

ሥራውን በሰዓቱ የሚያስነሣው ክሮን የሚባለው አገልጋይ ነው፤ ስሙ ጊዜ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ከዩኒክስ ጋራ የተወለደ ነው። ታማኝ ነው፤ ነገር ግን የታዘዘውን እንጂ ያሰብነውን አያደርግም። የትናንቱ ባክአፕ ሳያልቅ የዛሬው ሰዓት ቢደርስ ሁለተኛውን በላዩ ላይ ያስነሣል፤ ሁለቱም ይጓተታሉ፤ በሦስተኛውም ሌሊት ሦስት ይሆናሉ። ስለዚህ ሥራው ሲጀምር «ተይዟል» የሚል ቁልፍ ያኑር፤ ቁልፉን ያገኘ ሁለተኛ ሥራ ተመልሶ ይሂድ፤ መመለሱንም ይናገር። ሰርቨሮቹም ብዙ ከሆኑ ሁሉም በእኩለ ሌሊት ላይ እንዳይነሡ አንዱ በ3 ሰዓት፥ አንዱ በ3 ሰዓት ተኩል እየተባለ ይከፋፈሉ። ሁሉም ወደ አንድ ዲስክ የሚጽፉ ከሆነ የተጨናነቀው እርሱ ይሆናልና።

መብራት በሚጠፋበት አገር አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ክሮን፥ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሳለ ያለፈውን ሰዓት አያካክስም። ይህን ለማካካስ አናክሮን የሚባል ሌላ አገልጋይ ተሠርቷል፤ ያመለጠውን ሥራ ሰርቨሩ ሲበራ ያስነሣል። መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን መብራቱ የሚመጣው ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ቢሆን፥ ባክአፑ ከባለጉዳዮቹ ጋራ አብሮ ወደ አዳራሹ ይገባል። ስለዚህ ባለቤትዎ በትእዛዛቸው መግቢያ ላይ «ሰዓቱ ከንጋት በኋላ ከሆነ ተው፤ ለኀላፊው ንገር» የሚል መስመር ይጨምሩ።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ያታልላል። ክሮን የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ነው። «በየወሩ መጀመሪያ ቀን» ያሉት ሥራ በእኛ ወር በሃያዎቹ ቀኖች ላይ ይውላል፤ ያ ደግሞ በብዙ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ወረቀት የሚዘጋጅበት ሰሞን ነው። በጀት የሚዘጋበት ሰኔ 30ም ከክሮን መዝገብ ላይ አይገኝም፤ የሰኔ መጨረሻ ሳምንት ሲደርስ ከባዱን ቅጂ ቀድሞ ማድረግ የሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተደረገ ባለቤትዎ ይተኛሉ ማለት ነው? ይተኛሉ፤ ግን አንድ ነገር ይቀራል። በራሱ የሚሠራ ነገር በራሱም ሊቆም ይችላል፤ ሲቆምም አይጮኽም። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.) ጊትላብ በተባለው፥ የብዙ ሺህ ፕሮግራም ጸሓፊዎችን ሥራ በሚያስቀምጥ ድርጅት የደረሰውን ዓለም ሁሉ ያነበበው ስለ ሆነ እናንሣው። ዳታቤዛቸው ሥራ በዝቶበት ሲንገዳገድ፥ አንድ መሐንዲስ ውሎው ካለቀ በኋላ አምሽቶ ሲያቃና፥ ተከታዩን ሰርቨር ባዶ ያደረገ መስሎት ዋናውን ደመሰሰ። በሰኮንዶች ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም፥ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ባክአፕ ቢሮጡ፥ ከነበሯቸው አምስት ዓይነት መንገዶች አንዱም እንደሚገባው ሲሠራ አልተገኘም። በየቀኑ የሚወሰደው ቅጂ በመሣሪያው እትም አለመግጠም ምክንያት ሲከሽፍ ኖሯል፤ መክሸፉን የሚነግረውም ኢሜይል ፊርማ ስላልነበረው በተቀባዩ ተመልሷል። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ለሌላ ጉዳይ ከ6 ሰዓት ያህል በፊት በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። እርሱም በዝግተኛ ዲስክ ላይ ስለ ነበረ ለመመለስ ብዙ ሰዓት ፈጀ። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለዓለም ማሳወቁ የሚያስመሰግነው ነው።

በጃፓን አገር በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጥፋቱን ያመጣው የባክአፑ ሥራ ራሱ ነበር። የባክአፑ ትእዛዝ እየሠራ ሳለ የታረመ እትም በላዩ ላይ ተጻፈበት፤ ትእዛዙም ከመካከል የተቀየረውን እያነበበ፥ የቆዩ የሥራ ማስታወሻዎችን ሊደመስስ ሲገባው 77 ቴራባይት የሚሆን የምርምር ፋይል ደመሰሰ። 34 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች ነበሩ። ይህን የጠቀስነው ባለቤትዎን ለማስፈራራት አይደለም፤ ነገር ግን ሥራው በሚሄድበት ሰዓት እየነኩ፥ እያቆሙና እያስቀጠሉ ማደር የሚያመጣውን እንዲያውቁት ነው። እንቅልፍ የያዘው ሰው ጣት ከክሮን ይልቅ ያስፈራናል።

ስለዚህ ባክአፑ ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን ሳያልቅ ሲቀርም የሚታወቅበት ነገር ይኑር። ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ ኢሜይል አይበቃም። በየጧቱ በካርድ ክፍሉ ኀላፊና በባለቤትዎ ስልክ ላይ አንዲት መልእክት ትድረስ፤ መቼ ተጀመረ፥ መቼ አለቀ፥ ስንት ጊጋባይት ሆነ፥ ትናንት ስንት ነበር የምትል። እስከ 3 ሰዓት ያልደረሰች እንደ ሆነ መቅረቷ ራሱ መልእክት ነው። በወር አንድ ጊዜም ከቅጂው ላይ ጥቂት የበሽተኛ ካርዶች ወደ ባዶ ኮምፒዩተር ይመለሱና ይከፈቱ። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ መሆኑ አይታወቅም።

ለአለቃቸው የሚነገረውን ደግሞ በቁጥር ይናገሩት እንላለን። «ይቅርብን» ያሉት የሰልፉን ምሬት አይተው ነውና ክፉ አይባሉም። ባለቤትዎ አንድ ሳምንት ባክአፑ በሚሄድበትና በማይሄድበት ሰዓት ካርድ ለመክፈት ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅ ጽፈው፥ ከአዲሱ አሠራር በኋላም እንዲሁ ጽፈው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡላቸው። እኛ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችን ቢኖር ኖሮ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ባልሰማን ነበር።

ክብርት ወይዘሮ፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ባለቤትዎ ከልማድ የተነሣ በ8 ሰዓት መንቃታቸው አይቀርም። ስልኩን ሳሎን ያሳድሩት፤ ቢነሡም አይቈጧቸው፥ ዳሩ ግን ላፕቶፑን እንዳይከፍቱ ይከልክሏቸው። በሥራው መካከል መንካት የለም ብለናልና። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቁርስ ላይ እንዴት እንደ ዋሉና ካርድ ለመክፈት ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅ ቢጽፉልን ሁለቱንም በዚህ ዓምድ ላይ እናወጣለን።